በጥቁርና ነጭ ወረቀት ስለተገመገሙት ቀለሞች

ሚያዝያ 21 ቀን 2007 ዓ.ም.
ሞጣ

ለክቡር አቶ ደምለው
ለገጠር ሰው የይዞታ ደብተር የሚሰጠው፣ ስሙን በአደባባይ አንሥቼ ላሳፍረው የማልሻው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ሳይታዩ ስለተወገዙ ቀለሞችና ሳትጠየቅ ስለተሰናበተች ሠራተኛ

የተከበሩ አቶ ደምለው፣ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎ፣ ቃለ ጉባኤዎ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለእርስዎ ከሁሉ አስበልጬ የምመኝልዎ የዓይን ጤና ነው። ከሌላው አካል ዓይንን ለምን እንደመረጥሁ ደብዳቤዬን እስከ ታች ካነበቡት ይገባዎታል፤ ማንበቡ ከከበደዎም እንደ ልማድዎ ኮሚቴ ያቋቁሙለት።

ይስማው ፋንታ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልዘልቅ የወጣሁ ሰው ስለሆንሁ ምላሴ ከሙያዬ ይቀድማል ይሉኛል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጽፍልዎ በቢቸናዋ ልጅ በወይዘሪት ማስተዋል ጉዳይ ነው። ይህች ልጅ በኮምፒውተር ሙያ ተመርቃ በጽሕፈት ቤትዎ ለስድስት ወር ሙከራ ተቀጠረች፤ በአራተኛው ወር ድረ ገጻችሁን ሠራች፤ በስድስተኛው ወር “በሥራ አፈጻጸም ጉድለት” አሰናበታችኋት። የፊታችን ሰኞ ይግባኟ በቅሬታ ሰሚው ይታያል። ያም ካልተሳካ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቢቸና መመለሷ ነው፤ ከሙከራ ሥራ በጉድለት የተባረረችን ልጅ ደግሞ የትኛው መሥሪያ ቤት ደፍሮ እንደሚቀጥር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ሥራዋ ምን እንደነበር ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ እርስዎንም ሳያስቸግር አልቀረም። ደብተር ለማውጣት ያመለከተ ሰው ስሙ በድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ስሙ በአረንጓዴ ከተጻፈ ደብተሩ ደርሷል፣ ይምጣ ማለት ነው። እንደ ቲማቲም ከቀላ ማስረጃ ጎድሎታል፣ ቀበሌው ያሟላለት ማለት ነው። እንደ አፈር ቡናማ ከሆነ መሬቱ ክርክር አለበት፣ አይልፋ ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ የስሙን ቀለም አይቶ መንገዱን ይቆጥባል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሰጣችኋትን ሽልማት በየተራ ላመስግን።

1ኛ. ስለ ቁጠባችሁ አመሰግናለሁ። ለግምገማው የድረ ገጹን ቀለም መመልከት ሲያስፈልግ ጸሐፊዎ በፍላሽ ይዛልኝ የመጣችው የገጹን ምስል ሳይሆን ማስተዋል የጻፈችውን የውስጥ ጽሑፉን ነበር። የቀለም ማተሚያዬ እዚያው ቆሞ ሳለ፣ በጥቁርና ነጭ ይታተም አለችኝ። አሥራ አንድ ገጽ አተምሁ፤ ለመዝገብ ቤት መስሎኝ ነበርና ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነው። አምስት የተከበሩ ሰዎች ያንን ግራጫ ወረቀት ከበው ተቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ በዚያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ እንደተሸፈነ፣ በቀለም ጉዳይ ፈረዱ። ጨርቁን ማን ያንሣው ተብሎ እንዳይጣሉ ይሆናል እላለሁ።

2ኛ. ስለ ጥልቅ ንባባችሁም አመሰግናለሁ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ “ሠራተኛዋ በመንግሥት ሰነድ ላይ ቶሜቶ የሚል የአትክልት ስም እንዲሁም ፔሩ የሚል የባዕድ አገር ስም ያለ በላይ አካል ፈቃድ ያስገባች መሆኑ ተረጋግጧል።” በእውነት ጠንቃቃዎች ናችሁ። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ቀለም ሲፈልግ ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው እንደ መሰላል ባለች ምልክት የሚጀምር የስድስት ፊደልና ቁጥር ቅልቅል መጻፍ ነው፣ ሁለተኛው ቀለሙን በስሙ መጥራት ነው። ስሞቹ መቶ አርባ ገደማ ሲሆኑ ያወጧቸው ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሞጣ ያለውም ኮምፒውተር ሌላ አገር ያለውም እኩል ያውቃቸዋል። ቶሜቶ ያ የቀላው ነው፤ ፔሩ ያ አፈር የመሰለው ነው። ስሙ ለተመልካች አይታይም፤ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው። እናንተ ግን የሚታየውን ትታችሁ የማይታየውን ከሰሳችሁ።

3ኛ. ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ። አንድ ቀን ገጹን በስልክዎ ከፍተው ነበር፤ አመሰግናለሁ፣ ከታሪካችሁ ሁሉ ቀለሙን በዓይን ያየ ሰው የተገኘው ያን ቀን ብቻ ነውና። ከታች ያሉት ደቃቅ ፊደላት ደብዝዘውብዎት ይጠቁሩ ብለው በደብዳቤ አዘዙ። ማስተዋል ግሬይ የሚለውን ዳርክ ግሬይ ብላ ለወጠችው፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ማለት ነው። ፊደሉ ግን ጭራሽ ነጣ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ስሞቹን ያወጡት ሰዎች ስተዋል፤ ዳርክ ግሬይ ያሉት ከተራው ግሬይ ይነጣል፣ ይህን ሳይፈትሽ የማያውቀው ባለሙያ ብዙ ነው። ልጅቱ አይታ ደነገጠች፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ብላክ ብላ ጽፋ አስተካከለችው፤ እኔም እዚሁ ሱቄ ተቀምጬ በዓይኔ አየሁት። በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ግን “የኃላፊን ትእዛዝ በተቃራኒው ፈጽማለች” የሚለው ብቻ ነው። ያቺ አንድ ሰዓት የት ገባች ብዬ ብጠይቅ፣ ለእሷም ኮሚቴ ያስፈልጋል ትሉኝ ይሆናል።

4ኛ. “ለምን በቁጥር አልጻፈችም” ተብሏል። መልሱን ከመዝገብ ቤቷ ከወይዘሮ ጥሩአየሁ ብትጠይቁ ታገኙት ነበር። እኒህ ሴት ሃያ ዓመት ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው ኮምፒውተር የነኩት ዘንድሮ ነው። ማስተዋል ከገበሬው ስም ጎን የተጻፈውን ቶሜቶ አጥፍተው ግሪን ብለው እንዲጽፉ አስተማረቻቸው፤ የጎደለው ማስረጃ በመጣ ቁጥር የሰውየውን ስም ያለ ማንም እርዳታ ራሳቸው አረንጓዴ ያደርጉት ነበር። ያ የስድስት ፊደልና ቁጥር ቅልቅል ቢሆን ኖሮ በየሰው ስም ልጅቱን መጥራት ነበረባቸው። እኔ ሥራ አወቀች የምለው ሌላው ሰው ያለ እሷ እንዲሠራ ያስቻለችን ሠራተኛ ነው። እናንተ ጉድለት አላችሁት።

5ኛ. በመጨረሻም ስላደረጋችሁት ማሻሻያ። ልጅቱ ከተሰናበተች በኋላ የባዕድ ስሞቹ ይሰረዙ ተብሎ ተሰረዙ። ኮምፒውተር ቀለም ካልነገሩት ጥቁር ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ዛሬ የደረሰውም፣ የጎደለበትም፣ የተከራከረውም ሁሉ እኩል ጥቁር ሆነ። ባለፈው ሳምንት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ፣ ከቀበሌያቸው የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ደብተርዎ ገና ነው ተብለው ተመለሱ። በአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ባዶ መንገዳቸው ነው። ሱቄ በራፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያሹ ያቺ ልጅ ታመመች እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አፈርሁ። ከእርስዎ ይልቅ እኔ ማፈሬ ደግሞ እስከ አሁን ያናድደኛል።

ክቡርነትዎ፣ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሰኞ ጉባኤው ሲቀመጥ የማስተዋል ሥራ እንደነበረበት ሆኖ በኮምፒውተር ይከፈትና በዓይን ይታይ። አይታችሁም ካስቀየማችሁ አባርሯት፤ ያን ጊዜ ቢያንስ አይታችሁ ነው። ጸሐፊዎ በፍላሽ ያመጣችው ገጽ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሳይነካ ተቀምጧል፤ ሙሉውን ይዤ እመጣለሁ፣ ተሸክሜም ቢሆን።

የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ከፊትዎ የሚቀርበው ወረቀት ሁሉ አስቀድሞ የተፈረመ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ይስማው ፋንታ
የጽሕፈትና የኮፒ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚው
ለአምስቱ የግምገማ ኮሚቴ አባላት
ለወይዘሪት ማስተዋል

ተጨማሪ፦ የሙያችን ደንብ የደንበኛን ወረቀት ተይቦ መርሳት ነው፤ እኔም ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ባለፈው ግን ማስተዋል የስንብት ደብዳቤዋን ለይግባኙ ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ቀኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ግምገማው የተካሄደው መጋቢት 18 ነው ይላል። እኔ ደግሞ “በሥራ አፈጻጸም ጉድለት በተሰናበተችው ሠራተኛ ምትክ” የሚለውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ለጽሕፈት ቤትዎ የተየብሁት መጋቢት 14 ነው። በወረቀቱ ለምን ማንም ቀለም እንዳላየበት ለብዙ ቀን ሲከነክነኝ ከርሞ ነበር፤ ለካ ማየቱ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይላል የአገራችን ሰው። የማስታወቂያው ፋይል መቼ እንደተጻፈ ኮምፒውተሬ ራሱ መዝግቦ ይዟል፤ ሰኞ ለቅሬታ ሰሚው ከማሳየው ነገር የመጀመሪያው እሱ ነው።