ምንም ያልተጨመረበት ተረብ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? አባዬስ መድኃኒቱን ይውጣል ወይስ አሁንም ትራስ ሥር እየደበቀ ያታልላችኋል? እማዬ ጤናዋም ግልምጫዋም ደህና ነው? እኔ አካሌ ደህና ነው፣ ክፉ አልነካኝም። ከሰኞ ጀምሮ ግን አንድ ጣጣ ውስጥ ሰንብቼ ዛሬ ዓርብ ነገሩ ለየለት። ሌላ ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ ከራሴ አፍ ስሚው ብዬ ነው፣ ከፋብሪካው ጓሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የምጽፍልሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ «ምላስሽን ያዝ አድርጊ» ብለሽኝ ስቄብሽ ነበር። ሞኝ ነኝ!

እንደምታውቂው እዚህ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን ይዘን ከመጋዘኑ ጀርባ ጣውላ ላይ እንደረደርና ተረብ ይጀመራል። ሕግ አለው፤ የተተረበ ሰው መልስ ሳይሰጥ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። ንጉሡ ጋሽ ሜትር ናቸው፣ ዋናው ቆራጫችን። ቀጭኑን መካኒክ «ትናንት በቁልፍ ቀዳዳ ገባህ አሉ፤ በሩ ተቆልፎብህ ነው ወይስ ለምደኸው?» ብለውት ሳምንት ሙሉ ስቀናል። እኔንም «ምላጭ» ብለው ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። «ይቺ ልጅ አፏን በከፈተች ቁጥር ሦስት ወንድ ጢሙ ይላጫል» ይላሉ። ገና የገባሁ ሰሞን የሸሚዝ ኮሌታ ባቃጥል፣ ትንፍሽ ሳይሉ ሌላ ኮሌታ ቆርጠው በእጄ ያስጨበጡኝም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ጠዋት የተማሪ ሱሪ ስተኩስ ቀኝ እግሩ ከግራው በሁለት ጣት አጠረብኝ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም። ሃያ ስምንት ሱሪ! ቀስ ብዬ ሄጄ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ማለት ስችል፣ ምላሴን በላኝና ለምሳ ሰዓት አስቀመጥኩት። ሁሉም ሲሰበሰብ፣ «ጋሽ ሜትር፣ ሃያ ስምንት ሱሪ በሁለት ጣት አጥሯል። ያረጀው ሜትሩ ነው ወይስ ዓይኑ?» አልኩ። ጣውላው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ፣ ምሳ ዕቃቸውን ከደኑ፣ ተነስተው ሄዱ። መልስ የለም። «ዛሬስ ተሸነፉ!» ተባለና፣ እኔ ከንቱዋ ከሰዓት በኋላውን ካውያዬን እንደ ዋንጫ ከፍ እያደረግኩ ዋልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው እታለም። ለካስ የሥራ ተቆጣጣሪያችን በመጋዘኑ መስኮት በኩል ቆሞ ኖሯል። ማክሰኞ ቢሮው ጠርቶ ወረቀት ዘረጋልኝ። «የሠራተኞች አቤቱታ» ይላል። ቆራጩ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሥራ እያበላሹ ነው፣ እኛም ተማረናል ይላል፤ ከታች የእኔ ስም። ከፈረምሽ እሳቸው ይሰናበታሉ፣ ካልፈረምሽ ደግሞ የተበላሸ ሥራ አይታ ደብቃለች ተብለሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ አለኝ። እስከ ዓርብ አስቢበት ሲለኝ ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ጉንጬን ሊቆነጥጠኝ የቀረው ነው የሚመስል።

ረቡዕ ሰው እስኪቀንስ ጠብቄ ጋሽ ሜትር ጠረጴዛ ሄድኩ። ሲለኩ ልብ ብዬ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ዓይናቸው ጨርቁ ላይ አይደለም፣ በጣታቸው ሜትሩን ይዳብሳሉ። በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ ትንሽ የክር ቋጠሮ ሰፍተውበታል። ማየቴን ሲያውቁ ሁሉን ነገሩኝ፤ በዚያ በቋጠሮ እየቆጠሩ ዓመት ሙሉ ቆርጠዋል፣ ማንም ሳያውቅባቸው። ባለፈው ሳምንት ግራ እግሩን ቆርጠው እንደጨረሱ አንዷ ቋጠሮ ተፈትታ ወደቀች፤ በዳበሳ መልሰው ሲሰፏት በሁለት ጣት አሳጠሯት፣ ቀኙ ያጠረው በዚህ ነው። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ይቀራቸዋል። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። መልስ አጥቼ አይደለም ዝም ያልኩሽ አሉኝ። ተረብ የሚያስቀው ሲያጋንኑት ነው፣ ሰውን በቁልፍ ቀዳዳ ስታስገቢው እሱም ውሸት መሆኑን ስለሚያውቅ ይስቃል፤ አንቺ ግን ልክ በልክ ለክተሽ ነው የሰጠሽኝ፣ ምንም አልጨመርሽበትም አሉኝ። የአቤቱታው ወሬ ደርሷቸው ኖሮ፣ ቀጥለውም ፈርሚ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ እኔ የትም አልደርስም አሉ። እንባዬ ሲመጣ ወደ ካውያዬ ሮጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ቃሎቹን በልቤ ሳገላብጥ ነው የሰነበትኩት። እማዬ ስንጣላ «ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሽሙጥ ነው!» እያለች በማማሰያ ስታባርረን ልዩነቱ አይገባኝም ነበር። አሽሙር እንኳ ዞሮ ዞሮ ነው የሚናገረው፣ አልሰማሁም ብለሽ የምታልፊበት ቀዳዳ ይተውልሻል። እኔ ለእኚህ ሰው እሱን እንኳ አልተውኩላቸውም። ያውም ተረብ ብዬ ስሙን አሳምሬው!

ሐሙስ የባሰው መጣ። ተቆጣጣሪው እንግዶች አስከትሎ መቁረጫ ክፍል ገባ፤ እኔ የተተኮሰ ልብስ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። «አባባ፣ እስኪ ይቺን መርፌ ክር ያስገቡልኝ። እንደርስዎ ያለ ዓይን ከየት ይገኛል!» አለና መርፌ ዘረጋላቸው። ፊቱ ላይ ማር የመሰለ ፈገግታ አለ። ለበጣ ማለት ይሄ ነው እታለም፤ እያሞገሰ ይገድላል። ጋሽ ሜትር መርፌውን ተቀበሉ። አንዴ ሞከሩ፣ ክሩ በጎን አለፈ። ደግመው ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ እንግዶቹ ሳቁ፣ ሠራተኛውም ሳቀ። ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ሳቅኩ። ምን ያስቃል? ምንም አያስቅም። ፈርቼ ነው የሳቅኩት። ጋሽ ሜትር ድምፄን ሰምተው ወደ በሩ ዞር አሉ፣ ፈገግም አሉልኝ። ቅስሜ ስብር አለ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ፊት ቀረብኩ። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከፍቶ አቀበለኝ። እኔ አቤት አላልኩም፣ አፌዝኩ እንጂ፣ ማፌዝና መክሰስ አንድ አይደለም አልኩ። ሴትየዋ ፍርጥም ብላ ሱሪው አጥሯል ወይስ አላጠረም አለችኝ። አጥሯል አልኩ። ታዲያ ምን ቀረሽ አለችኝ። የቀረኝማ፣ አይቼው ነበር፣ ሄጄ መናገር ሲገባኝ መሳቂያ አደረግኩት፣ ጥፋቱ ያ ከሆነ የእኔ ነው፣ በሠራተኛው ሁሉ ስም ግን አልፈርምም አልኩና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩ። ፊርማ ከሌለ አቤቱታ የለም ብላ ወረቀቱን መለሰችለት፤ ከእንግዲህ የሚቆረጠውን ሁለተኛ ሰው እንዲለካው አዘዘች። እኔን ግን ብልሽት ደብቀሻል ብላ ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንዳልመጣ ነገረችኝ።

እንግዲህ ጋሽ ሜትር ስምንት ወራቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። እኔ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ካጣሁ እናንተ ጋ መምጣቴ ነው፣ ቦታ አስለቅቂልኝ። የሚያንገበግበኝ ሥራው አይደለም እታለም። ወረቀቱ ላይ አልፈረምኩም፣ ሳቄን ግን ሰምተውታል።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፣ መድኃኒቱንም ከትራሱ ሥር ፈልጊልኝ። ባለቤትሽን ደረቱን ሸፈን ያድርግ በይው። ታናሻችን በትምህርቷ ትበርታ፣ በጓደኞቿ ላይ ከማሾፏ በፊትም እኔን ትጠይቀኝ። ልጆችሽን ሁሉ ጉንጫቸው እስኪቀላ ሳሚያቸው። ለእማዬ ሥራዬን ማጣቴን ንገሪያት። የሳቅኩትን ግን አትንገሪያት፤ እሱን ራሴ ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ።

ምላሰኛዋ ታናሽሽ

ከፋብሪካው ጓሮ፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ የካቲት 14 ቀን