ድምፁን ዘግቶ ለፈረደው ኮሚቴ

ለተከበሩ የሕፃናት ቪዲዮ ተስማሚነት መዛኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከጧት እስከ ማታ ዓይናቸውን ስክሪን ላይ ተክለው ለሚውሉት ባልደረቦችዎ ጤናን እመኛለሁ፤ በተለይ የዓይን ጤና። ለጆሮዎ የምመኘውን በኋላ እነግርዎታለሁ።

እኔ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የምጠግን ሰው ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ ያለችው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ጠባብ ክፍል ናት። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኞች ምግብ ታበስል ነበር፤ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት። ውድ ጊዜዎን የምሻማው እርሷ ትታልን ስለ ሄደችው የአራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሴኮንድ ቪዲዮ ነው።

ቪዲዮው በእናንተ አጠራር «የምግብ ዝግጅት ቻሌንጅ» ነው። እናትና ልጅ ማእድ ቤታችን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው፣ ፊታቸው ሦስት ሦስት ራስ ሽንኩርት ተቀምጦ ይታያሉ። ሳያለቅስ ከትፎ የጨረሰ ያሸንፋል፣ ያለቀሰ ሰሃን ያጥባል። ልጄ ሁለተኛው ሽንኩርት ላይ ተሸነፈች። እናቷም ሦስተኛው ላይ ተሸንፋ ነበር፤ ነገር ግን ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ሽምጥጥ አድርጋ ካደች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እየሳቁ ያለቅሳሉ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሕመሟን አውቃው ስለነበር እንባዋ ሁሉ የሽንኩርት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ለልጅቷ ግን ሽንኩርት ነው ተብሎ ቀረ።

ቪዲዮውን ዘመድ አዝማድ ይየው ብላ ገጿ ላይ ለጠፈችው። ስልኳ ከእርሷ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሞተ። በሰው ሬዲዮ ላይ ነፍስ እዘራለሁ እያልኩ የምኩራራው ሰውዬ የሚስቴን ስልክ ማስነሣት አቃተኝ። እናም ድምፅዋ ያለው እዚያ ገጽ ላይ ባለችው አንዲት ቅጂ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ንቃታችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሰባ ዘጠኝ ቀን ኮሚቴዎ ይህን ቪዲዮ «ለሕፃናት የማይስማማ» ብሎ ከገጿ አወረደው። ምክንያቱን በላከልኝ የውሳኔ ቅጽ ላይ እንዲህ ሲል ዘርዝሮታል፦ «ስለት ይታያል። ሕፃን ታለቅሳለች። አዋቂዋ ሴት አታባብላትም።» በደንባችሁ መሠረት የወረደ ቪዲዮ በዘጠና ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ለዘለዓለም ይሰረዛል። ሦስት ጊዜ አቤት ብዬ ሦስቱንም ጊዜ «አቤቱታዎ ደርሶናል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ደርሶኛል። ባለቤቴን ቀብሬ ስመለስ እንኳ ከዚህ የተሻለ የሚያጽናና ቃል አግኝቻለሁ፤ ቢሆንም መልስ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሚዛናችሁ አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ማኅተም፣ ዓይንን በመሐረብ አስሮ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስኳር የማቅለጥ ቻሌንጅ «ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ» ተብሎ አልፏል። ምክንያቱም ከሥሩ ተጽፏል፦ «ተሳታፊዎቹ ደስተኞች ናቸው።» እውነት ነው፣ ፈገግታቸው አይጠገብም። ልጄ የእናቷን ቪዲዮ በአያቷ ስልክ ስትፈልግ በቦታው የመጣላት ይኸው የእናንተ ምርቃት ያለበት ቪዲዮ ነው። እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ አያቷ ልብስ ታሰጣ ነበር። እንደ ቪዲዮው ልሞክር ስትል የፈላው ስኳር የልጅቷ እጅ አንጓ ላይ ፈሰሰ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ቁስሉን አጥባ ስትጠቀልለው ልጄ አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም። ነርሷ «እንዲህ ዓይነት ጀግና አይቼ አላውቅም» አለቻት። እኔ ሞኙም ደረቴን ነፋሁ። ታዲያ ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ይዛ «አባዬ፣ አላለቀስኩም አይደል? አሁን እማዬን ይመልሷታል?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ የሰው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካስ ሱቄ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የተውኩትን ቅጻችሁን አንብባዋለች። «ሕፃን ታለቅሳለች» የተባለችው ሕፃን እርሷ መሆኗንም በራሷ ደርሳበታለች። እርሷ ስላለቀሰች እናቷ እንደጠፋች፣ ካላለቀሰች ደግሞ እንደምትመለስ አድርጋ ተረድታዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላለቀሰችም። ብትወድቅም፣ ብትቀጣም፣ እናቷ ብትናፍቃትም ጥርሷን ነክሳ ዝም ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ ልጅ ግን ከአንጀቷ እያለቀሰች እንባውን ከልክላዋለች። ሕፃናትን ከለቅሶ ለመጠበቅ የተቋቋመ ኮሚቴ ሥራው ፍሬ ሲያፈራ ማየት ያስደስተው ይሆናል ብዬ ነው ይህን ማሳወቄ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዶአችሁ። ሁለት ሳምንት ደጅ ከጠናሁ በኋላ የበር ጠባቂው አዝኖልኝ እርስዎ በሌሉበት ሦስተኛ ፎቅ አስገባኝ። በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት መዛኞች ስድስት ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ክፍሉ ግን ጭጭ ያለ ነበር። ዕድሜዬን በድምፅ መካከል የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ግራ ገባኝ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት መዛኝ በትሕትና አስረዳችኝ፦ «ጋሼ፣ ስድስታችንም ድምፅ ከከፈትን እኮ ቤቱ ገበያ ነው የሚሆነው። ማዳመጫ ይገዛልን ካልን ሁለት ዓመታችን ነው። እስከዚያው ዘግተን እናያለን።» ይህን ስትለኝ አፍራ ዓይኗን ሰበረች፤ አልፈረድኩባትም።

ድምፁን ዘግቶ ላየው ሰው በእርግጥም ቢላዋ የያዘች ሴት አለች፣ አፏን ከፍታ የምታለቅስ ልጅ አለች። ቢከፍተው ኖሮ ግን ጎረቤት የሚያስጠራ ሳቅ ይሰማ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ መሥሪያ ቤትንም እንደሚጨምር ያወቅሁት እናንተ ዘንድ ነው።

አራተኛው ይከብደኛል። ሦስት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሴኮንድ ላይ ባለቤቴ የልጅቷን ፊት ልትጠርግ ስትል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትደፋዋለች። ከዚያ ምስሉ ይጨልማል፣ ድምፁ ግን አርባ ሴኮንድ ይቀጥላል። ቅጻችሁ ስለዚህ ክፍል «ምስል የለም፤ የሚመዘን ነገር የለም» ይላል። ልጄም ያን ቀን የሰማችውን ረስታው፣ እንደ እናንተ ምስሉ ሲጨልም ያለቀ እየመሰላት ሁልጊዜ እዚያ ላይ ታጠፋው ነበር። እስከ መጨረሻው የማዳምጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትንሽ ከፍ ስትል አሰማታለሁ እያልኩ አቆየሁት፤ ይህ የእናንተ ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነው፣ ሌሊትና ቀን ይቆጨኛል። አሁን እናቷ ያለችውን በራሴ አፍ ብነግራት «እኔን ለማጽናናት ብለህ ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ከእናቷ አፍ ካልሰማችው አታምነኝም።

ደንባችሁ ይፍረስ አላልኩም። ልጆች ከእሳትና ከስለት መጠበቅ አለባቸው፤ የልጄን አንጓ በየሁለት ቀኑ የምጠቀልለው እኔ ነኝ፣ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ አንድ ቀናት ሳያልቁ ያን ቪዲዮ ድምፁን ከፍተው አንድ ጊዜ ይስሙትና ይመልሱልን። ሌላው ደግሞ ለልጄ አንድ መስመር ይጻፉላት፤ ጥፋቱ የእርሷ እንባ እንዳልነበረ በማኅተም ይንገሯት። የእኔን ቃል አልተቀበለችም፤ የእናንተን ማኅተም ግን አንድ ጊዜ አምናዋለችና ሁለተኛም ታምነዋለች።

ለዝምታችሁ ጥልቀት፣ ለቅጻችሁ ጥራት፣ ለማኅተማችሁ ድምቀት ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ከወገቤም ዝቅ ብዬ፣ ከእኔ ይልቅ ለሚጣደፉ ጉዳዮች ሰልፉን ለቅቄ፣ ነገር ግን ከበራችሁ ሳልርቅ፣

በታላቅ አክብሮት፣
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለሁት ሬዲዮ ጠጋኝ፣
የዚያች ያለቀሰችው ሕፃን አባት

ማስታወሻ፦ የሚመዘን ነገር በሌለባቸው አርባ ሴኮንዶች ውስጥ ባለቤቴ እንዲህ ትላለች፦ «ነይ ወደዚህ። አልቅሺ የኔ እናት፣ ማን ከለከለሽ? እኔ በሌለሁበትም ሲከፋሽ አልቅሺ። ሲወጣልሽ ፊትሽን ታጠቢና ምሳሽን ብይ።» ከዚያ የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይሰማል፤ ያሸነፈችው እናት የተሸነፈችውን ልጅ ሰሃን ታጥባለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በገዛ እጄ የጠገንኳቸውን ስድስት የጆሮ ማዳመጫዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ ልኬአለሁ። ባለቤቴ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር እባክዎ ከፍ አድርገው ይክፈቱት።