በነጭ ጨርቅ የቀበርኩት መጽሐፍ

ልጄ አዝራ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያገናኝሽ። ለሟቹ አባትሽ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ጎረቤታችን ሪፍካ በጦርነቱ ከሳራዬቮ ስትሸሽ፣ ፈጣሪን ስለ መውደድ የተጻፈ የዕብራይስጥ መጽሐፏን አደራ ሰጥታኝ ነበር። እየተረጎመች ስታነብልን፣ ካቶሊኳ ማንዳ «ይሄማ የኛ ነው!» ስትል፣ እኔ «የደርቪሾቻችን፣ የሱፊ መናኞቻችን ነው እንጂ!» እያልኩ የምንሟገትበት መጽሐፍ። ጣሪያችን አፈሰሰና መጽሐፉ በሰበሰ። እንዳረጀ ቁርኣን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኩትና በኋላ ስትጠይቀኝ ሌባ ወሰደው ብዬ ዋሸኋት።

ባለፈው እሑድ ልትጠይቀን ስትመጣ እውነቱን ነገርኳት።

«አንቺ ሞኝ፣ እኛ አይሁዶችስ ምን የምናደርግ መሰለሽ? ቅዱስ መጽሐፍ ሲያረጅ እንቀብራለን!» ብላ አቀፈችኝ።

ማንዳ «ሠላሳ ዓመት ከምትጨነቂ ብትጠይቂ ምን ነበረበት?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቀለለኝ፣ ልጄ። አንቺም የከበደሽን ይዘሽ አትቆዪ። አላህ ልብሽን ያሳርፈው። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ፣ መጽሐፉን ልትወርስ ለነበረችው፣ እዚያው ከተማሽ ላለችው ለሪፍካ ልጅ ለሉና አድርሺልኝ፤ የመጽሐፉን እውነት እሷም ትወቀው።