የመምህር ሰይድ ፍላሽ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5፣ ከሰዓት

ዝናብ። መብራት ሄዶ መጣ። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ዛሬም የመግቢያ ፈተና ስለቃቅም ዋልኩ። መምህራኑ ካመጧቸው ፍላሾች ግማሹ ቫይረስ አለበት። ምን ይደረግ፣ የመምህር ፍላሽ ባጃጅ ላይ መንዙማ ሲያሰማ ከርሞ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አድሮ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው።

አንተ ደብተር፣ ኮምፒውተር አይገባህም፤ ባጭሩ ልንገርህ። አምና ቫይረስ ፈተናችንን ከበላው ወዲህ የት/ቤቱን ኮምፒውተር ከፋፍዬዋለሁ። ባለሙያዎቹ ቨርቹዋል ማሽን ይላሉ፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እንደተለያዩ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እኔ ክፍል እላለሁ። እንግዳ ክፍል አለ፤ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፈተና ክፍል አለ፤ ኢንተርኔት የለውም። ፍላሽ ሲሰካ የትም አይገባም፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የት እንደሚገባ የማዘው እኔ ነኝ። የሰው ፍላሽ እንግዳ ክፍል ብቻ ይገባል፤ ከዚያ የሚፈለገው ፋይል ተመርጦ ወደ ፈተና ክፍል ይላካል። ሕጉ ይኸው ነው።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ። ዛሬ ያፈረስኩትም እኔ።

መምህር ሰይድ ከኮምቦልቻ መጡ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ ያወጡልናል። ፍላሻቸውን እንግዳ ክፍል ላስገባ ስል ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። "የኔም ይጠረጠራል፣ ልጄ?" አሉ።

ይሉኝታ ያዘኝ። ኧረ በአላህ ጋሼ፣ ብዬ በቀጥታ ፈተና ክፍል አስገባሁት። ደስ አላቸው። ለዙሁር ሶላት ወጡ። እኔ ፋይላቸውን ከፈትኩ፣ የሌሎቹን የክፍል ደረጃዎች ጥያቄዎች በሙሉ እዚያው ላይ ለጠፍኩ፣ ተራ ቁጥር አስተካከልኩ፣ ሴቭ። ሲመለሱ ፍላሻቸውን ነቅዬ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ወረዱ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ር/መምህርቷ ወ/ሮ ብርቱካን ፈተናው ይታተም አለች። ፈተና ክፍልን ከፈትኩ። ሙሉው ፋይል የለም። የየመምህሩ ቁርጥራጭ አለ፤ ያጠናቀርኩት የለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፋይላቸውን የከፈትኩት እዚያው ፍላሹ ላይ እንዳለ ነው። ሴቭ ያልኩትም እዚያው። የሁሉም ክፍል ፈተና በመምህር ሰይድ ኪስ ኮ/ቻ ወርዷል።

የልጅ ልጃቸው ፎዚያ ለሰባተኛ ክፍል ትወዳደራለች። ት/ቤታችን ያለ ክፍያ የሚያስተምረው አንድ ልጅ ብቻ ነው። አባቷ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ያንን ዕድል ካላገኘች እዚህ መማር የለም። ከኩታበር የሚመጡትም ልጆች ያው ናቸው። ፈተናውን አንዷ ቀድማ ካየች የሌሎቹ ድካም ከንቱ ነው።

ለወ/ሮ ብርቱካን የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል አልኳት። ዋሸሁ።

መምህር ሰይድ ጋ ደወልኩ። ፍላሹን እንደምፈልገው ነገርኳቸው። ነገ ነይ አሉ። ለምን አላሉኝም። ይኸው ነው ያላስተኛኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ወደ ኮ/ቻ ስወርድ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም። ከፊታችን ያለው መኪና አይታይም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ዱዓ ላይ። ኮ/ቻ ስንደርስ ፀሐይ። ሹራቤን አወለቅሁ።

ፍላሹን በወረቀት ጠቅልለው ጠበቁኝ። ምሳ ካልበላሽ አሉ፤ በላሁ። ስለ ፋይሉ እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ። እጄን ያስታጠበችኝ ፎዚያ ናት። ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን ልጅ። ደሴ በጣም ይበርዳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ካለፈች አባቷ ሹራብ ሊገዛላት ቃል ገብቷል። መምህር ሰይድ አቀረቀሩ።

ያው ቀን፣ ማታ

ፍላሹን እንግዳ ክፍል አስገባሁት። አሁን ሕግ ትዝ አለኝ!

ፋይሉን ከፈትኩ። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ፣ አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ቀይ ጽሑፍ። ለ እና መ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አንዱ ይቀየር፣ ይላል። እውነት ነው፤ እኔ አላየሁትም ነበር። ሳቄ መጣ። ስህተት አይተው ማለፍ መቼም አይችሉም።

ከዚያ ሳቄ ተወኝ። ይህን ያረመ ሰው ሁሉንም አንብቧል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ሳልደውልላቸው መምህር ሰይድ ደወሉ። የራሳቸውን ጥያቄ ሊያዩ በልጃቸው ላፕቶፕ ከፈቱ። ወደ ታች ሲወርዱ ሰባተኛ ክፍል ላይ ደረሱ። መዝጋት ነበረባቸው፤ አልዘጉም። ወላሂ ለልጂቱ አላሳየሁም አሉ። አምናቸዋለሁ። ግን በየምሽቱ የሚያስጠኗት እሳቸው ናቸው። ካነበቡ ወዲህ ማስጠናቱን ትተዋል።

"አፌን አላምነውም፣ ልጄ። ምን ልጠይቃት ብል ከዚያ ወረቀት ይመጣብኛል።"

ስሟን ከተፈታኞቹ አውጪው አሉ። ለልጂቱ ምን እንደሚሏት ገና አላወቁም። ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ። ያስተማሩኝ ሰው ሲለምኑኝ ምን ልበል? እሺ አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። በሳቸው አይደለም። እሳቸውን ላለማስቀየም ብዬ ልጂቱን ልቀጣት ነው። ያን ቀን፣ ጋሼ፣ የሁሉም ፍላሽ እንግዳ ክፍል ነው የሚገባው ብላቸው ምን ይሆኑ ነበር? ቢያኮርፉ ለአንድ ቀን።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9፣ ጠዋት

የተፈታኞቹ ስም ፊቴ ነው። ፎዚያን አላወጣሁም።

ወስኛለሁ። ለወ/ሮ ብርቱካን ሁሉንም እነግራታለሁ። የሰባተኛ ክፍል ፈተና ይጣል፣ ሌላ መምህር አዲስ ያውጣ። የማን ፍላሽ ነው ትለኛለች። የማን እንደሆነ፣ ማን የት እንዳስገባው፣ ማንስ የልጅ ልጄን አትፈትኑ እንዳለ እነግራታለሁ። ቀለሙም እንዳላለቀ። ከሥራ ልታስወጣኝ ትችላለች። እፈራለሁ። መምህር ሰይድም እሺ ብለሽኝ ይሉኛል። ይቀየሙኝ።

ቀድሜ ልነግራቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ፎዚያ ናት። አያቷ መስጊድ ናቸው። ድምፅዋ ቀዝቅዟል፤ አያቴ ማስጠናት ተወኝ፣ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ፈተናሽን ትፈተኛለሽ፣ ለአያትሽም እንዲህ ብላለች በይልኝ። ደሴ ይበርዳል፤ ሹራብ እኔ አመጣልሻለሁ።

የወ/ሮ ብርቱካን ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል። በሩን እያንኳኳች ነው፤ ልነግራት ተነሳሁ።