የሃርላን ተርኪ

ኖቬምበር 3

ዝናብ። አውቶቡሱ ጭቃ በጭቃ። ተማሪዎቹን አውርጄ ወለሉን ስጠርግ ዋልኩ። ጉልበቴን ዛሬም አሞኛል።

ቤት ስገባ ዳርላ ደወለች። ልጄ ድምፅዋን ስታለሰልስ ደግ ነገር አይመጣም።

"እማ፣ ዘንድሮ የምስጋና ቀን አባባ ጋ ነን።"

"እዚህ አይደለም?"

"ሥጋ በጢስ የሚበስልበት በርሜል እሱ ጋ ነው እኮ። ያለ አባባ ተርኪ ደግሞ ምኑን የምስጋና ቀን ሆነ? አንቺ ጋ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ቅዳሜ። ከሐሙሱ በዓል ሁለት ቀን በኋላ፣ የትርፍራፊ ቀን።

"ይሁን" አልኩ።

ኖቬምበር 5

የአባባ ተርኪ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ በየዓመቱ ማክሰኞ፣ የዚያን ግዙፍ ወፍ ቆዳ ፈልቅቄ ከሥሩ ጨው ያሸሁት እኔ። ሁለት ሌሊት ሳልሸፍን ፍሪጅ ውስጥ ያሳደርኩት እኔ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የፔካን እንጨት ያቀጣጠልኩት፣ ደረቱ ላይ ቅቤ የጠጣ ጨርቅ የጣልኩት፣ ቴርሞሜትሩ መቶ ስድሳ ፋራናይት ሊል ሲል ያወጣሁት... እኔ። የዳርላ አባት ሃርላን ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ቢራውን ይዞ በርሜሉ አጠገብ ወንበሩ ላይ ይዘረጋል። እንግዳ ሲመጣ ጢስ ጢስ እየሸተተ ያገኘዋል። አበቃ። "ሃርላን እጅህ ይባረክ!"

የኔ እጅ አመድ አፋሽ።

ትቶኝ ሲሄድ ሁለት ነገር ወሰደ። ፒካፑንና በርሜሉን። አሁን አብራው የምትኖረውን ሮንዳን እዚሁ ከተማ ነበር ያገኛት። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ።

ኖቬምበር 6

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። እውነት ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። እዚህ ላይ ማንን ነው የምዋሸው?

መጀመሪያ የዋሸሁት እኔው ነኝ። ሃርላን ይሠራበት የነበረው የጣውላ ፋብሪካ የተዘጋ ዓመት። ሃርላን ሦስት ወር ሙሉ ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በምስጋና ቀን እናቱ፣ እማማ ዩላ፣ አንድ ጎረሱና "ኧረ ይሄ ወዙን ያላጣ ሥጋ! ማነው የሠራው?" አሉ።

"ሃርላን" አልኩ።

ቀና አለ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ያኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ...

በዓመቱ ሲጠየቅ ራሱ "እኔ" አለ። ዝም አልኩ።

ኖቬምበር 12

ሮንዳ ደወለች። ሮንዳ! ለእኔ!

"ሚስስ ቬርሊን? ይቅርታ... ከምሠራበት ጸጉር ቤት ስልክ ነው የምደውለው። ሃርላን እንዳይሰማ።"

እርስዎ እያለች። ባሌን ወስዳ አልበቃት ብሎ አስረጀችኝ።

"ሁለት ጊዜ ለሙከራ ሠራን። ሁለቱም ደርቆ ጣውላ ሆነ። መጀመሪያ እንጨቱ ነው አለ። ቀጥሎ ተርኪው ነው አለ። ትናንት ደግሞ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ድሮ እንዴት ነበር የሚያደርገው? ምናልባት ሲሠራ አይተውት ከሆነ ብዬ..."

አይተውት ከሆነ!

"ጨው ቀድሞ ያሸዋል?" አለችኝ።

"ጨው? በጭራሽ። ጨው ውሃውን መጦ ያወጣዋል።"

"ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚያወጣው?"

አንዴ ተነፈስኩ። "ደረቱ መቶ ሰማንያ አምስት ሲሞላ። አንድም እንዳትቀንሺ።"

ስትጽፍ ይሰማኛል። "እንዲህ ደግ መሆንዎን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

መቶ ሰማንያ አምስት ላይ ሥጋ አይደለም፣ ገለባ ነው። በዘመድ አዝማድ ፊት ያኝኩታ! ደስ አለኝ? አዎ። ይጻፍ። ደስ አለኝ።

ኖቬምበር 19

ዛሬም ደስ ብሎኛል። ትንሽ ቀነስ ብሏል።

ኖቬምበር 23

እሑድ። እንደ ሁልጊዜው እማማ ዩላን ልጠይቅ አረጋውያን ማረፊያው ሄድኩ። "አሁን እኮ አማትሽ አይደሉም" የሚለኝ አለ። ናቸው።

በሴፕቴምበር ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ መዋጥ አቅቷቸዋል። የተፈጨ፣ የላመ ነገር ብቻ። ማንኪያውን ገፉት።

"ይሄ ሙቅ ሰልችቶኛል! ሐሙስ ሃርላን ሊወስደኝ ነው። ሥጋ እበላለሁ፣ ሥጋ።"

"ይወስዳቸዋል እንዴ?" ነርሷን ዞሬ አየኋት።

"ፈቅደናል" አለች። "በጣም የራሰ ከሆነ፣ በትንሽ በትንሹ።"

"ደረቅ ከሆነስ?"

"ደረቅማ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። እንዳትሞክሩት።"

እማማ ዩላ በግማሽ አፋቸው ሳቁ። "የሃርላን ተርኪ መቼ ደርቆ ያውቃል?"

መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን ሳላዞር ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ እንጃ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው...

ኖቬምበር 25

ጸጉር ቤቱ ደወልኩ። ሮንዳ ሳምንቱን ፈቃድ ወጥታለች። ቤታቸው ደወልኩ። ሃርላን አነሳው።

"ማነው? ቬርሊን? ብቸኝነቱ ከወዲሁ ጀመረሽ?"

ዘጋሁት። ለዳርላ ልንገራት? ምን ብዬ? አባትሽን ላዋርድ ብዬ...? አልቻልኩም። ነገ።

ኖቬምበር 26

ዛሬም አልቻልኩም። ፈሪ።

ኖቬምበር 27

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሃርላን ደጅ መኪናዬን አቆምኩ። ጢሱ ከመንገዱ ይታያል። ነጭ፣ ወፍራም። መጥፎ ጢስ።

በጓሮ በኩል ገባሁ። ሃርላን ወንበሩ ላይ። ሮንዳ በርሜሉ አጠገብ ቆማ ቴርሞሜትሩ ላይ አፍጥጣለች። ዳርላ በረንዳው ላይ የአያቷን ጉልበት በብርድ ልብስ ትሸፍናለች።

"እንዴ! መንገድ ጠፋሽ ወይስ ሽታው ጠራሽ?" አለ ሃርላን።

አላየሁትም። "ስንት ደረሰ?" አልኳት ሮንዳን።

"መቶ ስድሳ አራት። ገና ሃያ አንድ ይቀረዋል።"

"አሁኑኑ አውጪው።"

"መቶ ሰማንያ አምስት ብለውኝ አልነበር?"

"ዋሽቼሽ ነው።"

ሮንዳ ዓይኗን ከቴርሞሜትሩ አነሳች።

"እማ?" አለች ዳርላ።

"ሆን ብዬ ነው። እንዲደርቅባቸው። አያትሽ እንደሚበሉት አላወቅሁም ነበር።"

ሃርላን ፊቱ ደም መሰለ። የጮኸው ግን በእኔ ላይ አልነበረም። "ሮንዳ! እሷን ጠየቅሽ? እኔ እያለሁ እሷን?"

ሮንዳ አንገቷን ደፋች። ያን አንገት አውቀዋለሁ።

ጓንቱን ከእጇ ተቀብዬ ተርኪውን አወጣሁት። ጨው ስላላደረበት ከዳር ዳር መድረቅ ጀምሯል፣ መሀሉ ግን ገና ወዝ አለው። ሸፈንኩት። "አርባ ደቂቃ እንዳትነኩት" አልኳት። "ከዚያ የሥጋውን ክር አቋርጠሽ ስስ አድርገሽ ቁረጭው። ለእማማ ዩላ የሚሆነውን በራሱ መረቅና በቅቤ አርሺው። በደንብ አርሺው።"

ዳርላ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ ገርጥቷል። "አያቴ ታንቃ ብትሞት ኖሮስ?"

"ለዚህ ነው የመጣሁት።"

"የመጣሽው እሷ ስለምትበላ ነው። እኔ ብቻ ብበላውስ? ዝም ትዪ ነበር።"

ዝም እል ነበር።

"ሂጂ በቃ እማ። እባክሽ።"

"ቬርሊን ናት? ትግባ እንጂ!" አሉ እማማ ዩላ ከበረንዳው። ማንም አልሰማም። ወይም ሁላችንም አልሰማንም አልን።

ኖቬምበር 29

ቅዳሜ። ዳርላ አልመጣችም። መልእክት ጻፈች። "አያቴ ሁለት ቁራጭ በላች፣ ደህና ናት። አባባ መጨረሻ ላይ ጥሩ አድርጎ አወጣው። አንቺን ለማየት ግን ገና አልቻልኩም።"

አባባ ጥሩ አድርጎ አወጣው።

አራት ጊዜ አነበብኩት።

ኖቬምበር 30

ለእማማ ዩላ ነገርኳቸው። ሁሉንም። የዘንድሮውንም የሃያ ዘጠኙንም። ልጅዎ አንድም ቀን አልሠራም አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሃርላን እንቁላል መቀቀል አይችልም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?"

"ቀና እንዲል ብዬ..."

"እኔም።" በደህናው እጃቸው እጄን ያዙ። "ቀና ሲል ዝቅ ብሎ ማየት ተወ። ሁለታችን ነን ያበላሸነው፣ ልጄ።"

እንዲያጽናኑኝ ነበር የሄድኩት።

ዲሴምበር 13

በር ተንኳኳ። ሮንዳ። ተርኪ ታቅፋ፣ የሚቀልጠው በረዶው ሹራቧን አርሶታል።

"ለገና እህቶቹን ጠርቷል" አለች። "የሃርላን ተርኪ ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። እሱ... ጸጉር ቤት ያለሁ ነው የሚመስለው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ሁልጊዜ እርስዎ ነበሩ አይደል? ያን ቀን ጓንቱን ሲያጠልቁ እጅዎ ብቻውን ሲሄድ አየሁ።"

"እኔ ነበርኩ። ግቢ፣ ይቀልጥብሻል። እርስዎ ማለቱንም ተዪው።"

ልወዳት አልችልም። ይጻፍ። ግን አሳየኋት። ጣቶቿን ይዤ ጨውን ከቆዳው ሥር አስገባሁ። ጢሱ ቀጭንና ሰማያዊ እስኪሆን ተርኪውን እንዳታስገቢ አልኳት። መቶ ስድሳ ሊል ሲል አውጪው፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ጻፈች።

"ሲጠይቁ ምን ልትዪ ነው?" አልኳት።

"ምን ብለው?"

"ማነው የሠራው ብለው ሲጠይቁ።"

የጻፈችበትን ወረቀት አጠፈች። "ይቆጣል" አለች።

"ይቆጣል።"

ከሄደች በኋላ ጠረጴዛውን ወለወልኩ። እጄን ታጠብኩ። ለዳርላ ደወልኩ። አላነሳችም። እንደ ሌላው ጊዜ አልዘጋሁትም፣ መልእክት ተውኩ። "ዳርላ፣ እናትሽ ነኝ። ዘንድሮ ያደረግሁት ክፉ ነው፣ ማመካኛ የለኝም። ሌላ አንድ ነገር ግን እወቂ። ከልጅነትሽ ጀምሮ የበላሽውን ተርኪ ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ።"

እኔ። ጮክ ብዬ አልኩት።

እስካሁን መልስ የለም።