ለእህትህ የጻፍከው፣ ለእኔ ያልጻፍከው

ጥቅምት 1988፣ አሶሳ

ይድረስ ሕክምና ለሚማረው ልጄ ለታምሩ፣ ኩባ። የአባቶችህ አምላክ በሄድክበት ይቅደምልህ። እኔ ደህና ነኝ። በቆሎው ደርሷል፣ ዝንጀሮ ግን አላስቀመጠንም።

እህትህ ሰገነት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ወባ ያዛት። ኪኒን ፅንስ ያስወርዳል ብዬ ከልክዬ ፌጦ አጠጣኋት። እሷ ግን ተደብቃ ጤና ጣቢያ ሄዳ ታከመች። ደርሼ ስቆጣ፣ አዲሱ ክልል የቀጠረው ጤና ረዳት «አባቴ፣ ወባው እንግዴ ልጁ ደም ስር ውስጥ ይሸሸጋል፤ ደሙ እንደልብ አያልፍም፣ ልጁ እዚያው ይራባል። የሚያተርፈው መድኃኒቱ ነው» አለኝ።

እህትህም «ይህንኑ ታምሩ ዓምና ጽፎልኛል፤ አባባ ግትር ነው፣ አትንገሪው ብሏል» አለች፣ በሰው ፊት።

ግትርስ ልሁን። እዚህ ከሰፈርን ወዲህ እናትህ በትኩሳት እየነደደች መዳፌን የማይሞሉ ሁለት ልጆች ወልዳ ቀበረች። «ስለማትበዪ ነው» እያልኩ እስክትሞት ወቀስኳት። ለአንተም እንዲሁ ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ እያወቅህ ዝም አልከኝ። ልጄ፣ እንዴት አስቻለህ?

የሰገነት ፅንስ ደህና ነው ተብሏል። እግዚአብሔር እውቀትህን ይባርክ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ። ከእንግዲህ የምታውቀውን በእኔ ስም ጻፍልኝ፤ ፊደል እየቆጠርኩም ቢሆን አነበዋለሁ።

አባትህ ቸሩ