የቆጠርኩልሽ ፊላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለእንቁራሪቴ፣ ለልጅ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ፤ የቀሩት ሦስቱ ተኮራርፈው በየጥጉ ተቀምጠዋል። ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልኬ ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ። ስልክ ላይ ድምፅሽን ከሰማሁ እዋሻለሁ። ወረቀት ግን ዝም ብሎ ያየኛል።

ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ከዘጠና አመልካች ሦስት ቀራችሁ ስትዪኝ፣ ሮጬ ለጎረቤታችን ለነርሷ ነገርኳት።

«ምን ልታስተምር ነው?» አለችኝ።

«ውሃ ውስጥና ረግረግ ላይ የሚበቅል ተክል እንዴት እንደሚኖር።»

«እሱን ለማወቅ አሥራ አንድ ዓመት ተማረች?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚበቅለው፤» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን የላክሽልኝን ጽሑፍ ከመሳቢያ አወጣሁ።

በመጪው ወር ለቀጣሪዎችሽ የምታቀርቢውን ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ ከተማችን ዳር ባለው ረግረግ ድርቅ የጨረሰው ፊላ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሥሩ እንዴት እንዳገገመ ይናገራል። ማስረጃው እኔ በየቅዳሜው በስልክ የነገርኩሽ ቁጥር ነው።

ልጄ፣ ፊላው አላገገመም።

መጀመሪያ በታማኝነት ነበር የምቆጥረው። ቦቲዬን አጥልቄ፣ ያሠራሽልኝን አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ አንቺ በተከልሻቸው አምስት ችካሎች አጠገብ እያጋደምኩ፣ በውስጡ ያለውን አገዳ፣ «የቆመውን እንጂ የወደቀውን እንዳትቆጥር» ያልሽኝን ሳልረሳ። ካቻምና የካቲት 16 አሥራ አንድ አገዳ ብቻ አገኘሁና ነገርኩሽ። ንፍጥሽን ስትስቢ ሰማሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ነበር። አሥራ አራት አልኩሽ።

«አባባ! እውነትህን ነው? ተነሱ ማለት እኮ ነው!» ብለሽ ጆሮዬን አደነቆርሽው። ደስ አለኝ።

ወዲያው ገልባጭ መኪኖች መጥተው ረግረጉን በገረጋንቲ ደለደሉት። ያኔ እንኳ መናገር ነበረብኝ። ፎቶ ላክልኝ ስትዪኝ የድሮውን ላክሁልሽ። ሠላሳ አራት ዓመት ሂሳብ ያስተማረ ሰው ከጓደኛው የሚቀዳ ተማሪን በምን እንደሚይዘው ያውቃል፤ መልሱ ከመጠን በላይ ሲያምርለት ነው። ስለዚህ እንዳያምር ተጠነቀቅሁ። ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። ሐምሌ ላይ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ተናድጄ ከመቶ ስድስት ወደ ስልሳ ሰባት ጣልኩት። አንቺ ለዚያ ዝቅታ ምክንያት አገኘሽለት፤ የውሃው ሙቀት መቀነስ ነው ብለሽ ሦስት ገጽ ጻፍሽ፣ ከነሥዕሉ። የእኔ ጉልበት ነው ልጄ።

ትናንት ረግረጉ ወደነበረበት በታክሲ ሄድኩ። አንድ የገልባጭ ሾፌር መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል።

«አባቴ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«አምስት ችካል።»

«መሬቱ የእርስዎ ነበር እንዴ?»

«የለም፣ ቆጣሪ ነኝ። እዚህ የነበረውን ነው የምቆጥረው።»

«እዚህማ ምንም አልነበረም አባቴ፤ ረግረግ ብቻ!»

አንቺ ብትሆኚ የምትመልሺለት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ግን በየትኛው አፌ?

እንግዲህ ብትናገሪ የመምህርነቱ ቦታ አብረውሽ ከቀሩት ከሁለቱ ለአንዱ ነው፤ ያውም ምናልባት ለዚያ በየስብሰባው ያንቀላፋል ላልሽኝ። ባትናገሪ ደግሞ አንድ ቀን ተማሪሽ ቦቲውን ይዞ ፊላውን ሊያይ ይመጣል፤ ሾፌሩ ዳቦ ያካፍለው ይሆናል። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ የፈረምኩበት ሌላ ወረቀት አያይዣለሁ፤ ይጠቅምሻል ብዬ ግን አይደለም። የቅጥር ኮሚቴ የአያትን ፊርማ ምን ያደርግለታል?

እስከ ካቻምና የካቲት 16 ያለው እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ሰርዢው። የትናንቱን ግን እንደ ደንቡ አድርጌልሻለሁ፤ ችካሎቹ ነበሩ ብዬ በገመትኩበት ሁሉ ጎንበስ ብዬ፣ ድንጋዩን በከዘራዬ እየገለጥኩ። ኅዳር 8፣ ዜሮ። እሱን ጻፊው።

ቅዳሜ ባትደውዪልኝ አይከፋኝም፤ ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል።

ከእኔ የተሻለ ሰው ያቁምልሽ። ተናግረሽ ስትወጪም በሩ ላይ እጅሽን የሚይዝ አያሳጣሽ።

ቆጣሪሽ፣
አያትሽ